የደረቀው ዝናብ

ከቀትር እንቅልፍ የነቁት ሕፃናት ዓይናቸውን እያሻሹ ምንጣፉ ላይ ተኮለኮሉ። በመጋረጃው አልፎ የገባው ለስላሳ ብርሃን ክፍሉን ገና ሕልም ውስጥ ያለ አስመስሎታል። መምህርቷ ዛሬ አሮጌዎቹን ከተኩት አዲስ የንባብ ካርዶች አንዱን አነሳች፤ “ዝናብ” ይላል። ካርድ ገና ብቅ ሲል ቀድማ የምታነበው፣ መምህርቷም አፏን ሞልታ የምታወራላት ትንሽ ልጅ ግን ዛሬ ካርዱን ግራ ተጋብታ ታየው ጀመር።

“ምነው የኔ እናት? ትናንት አንብበሽው የለ?”

“የትናንቱ እርጥብ ነበር፣ ቲቸር።”

መምህርቷ ንጹሑን ካርድ ገልብጣ አየችው። አሮጌው የ“ዝናብ” ካርድ ላይ ውሃ ፈሶበት እርጥብ የሚመስል እድፍ ትቶ ነበር። ለካ ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ስታነብ የኖረችው የካርዶቹን እድፍና እጥፋት ነው!

መምህርቷ ካርዱን አስቀምጣ ቃሉን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፈችና ጠበቀች። ልጅቱ ጣቷን አየር ላይ እያንሳፈፈች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። ከንፈሯ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድንገት ሹራቧን ወደ ላይ ጎትታ ራሷን ተከናነበች።

“ቲቸር፣ ነይ ግቢ!” አለች ከሹራቡ ውስጥ። “ትበሰብሻለሽ!”