ሰባት ቤት ተቆጠረ

ባንኮክ ሄደው በሕክምና ወንድ ልጅ ካገኙ በኋላ፣ ሐኪም ቤቱ በበረዶ ያቆያቸውን ትርፍ ሽሎች መውለድ ላቃታቸው እንስጥ ያለው ባሏ ነበር። እሷ ፈራች።

«ነገ ወንድምና እህት ቢጋቡስ?»

«ሰባት ቤት ሳይቆጠር ማን ይዳራል?» ብሎ ሳቀባት።

ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ልጇን የሚመስል ሕፃን ባየች ቁጥር የእናቱን ፊት ትመረምራለች።

ዛሬ ልጇ ቀለበት ያስራል። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለ ተናገሩ። ባሏ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አያት። እሷ ግን ዓይኗን ከእጮኛው አገጭ መንቀል አቃታት። ስርጉዱ የባሏ ነው።

የልጅቷ እናትም የልጁን አባት አገጭ ስታይ ቆይታ፣ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አይቀየሙኝና» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ባንኮክ ሄደው ያውቃሉ?»