መብረቅ ብለው ይጻፉ

የብረት ማቅለጫው በር ላይ የተተከለው የጨረር መመርመሪያ ክረምቱን ሙሉ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ሲጮህ ከረመ። የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌው ዘበኛ ደንግጠው ቁርጥራጭ ብረት የጫነውን መኪና አገዱ። ወጣቱ ኢንጂነር ሳቀባቸው።

«ጋሼ፣ ነጎድጓድ ራሱ ጋማ የሚባል ጨረር ይረጫል። መኪናው ምን አደረገዎት? መዝገቡ ላይ መብረቅ ብለው ይጻፉና ያሳልፉ።»

ከዚያ ወዲህ አንድም መኪና አላገዱም።

አሁን ሆስፒታል ተኝተዋል። ፀጉራቸው ረግፏል፤ ቀኝ ጭናቸው እሳት እንደበላው ቆስሏል። ከመኪና ላይ ወድቃ አግኝተው ኪሳቸው የከተቷትን የምታብለጨልጭ ብረት ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ጨረር በማያሳልፍ የእርሳስ ሣጥን ወስደዋታል።

«መቼ ነው ያነሷት?» አለ ኢንጂነሩ፤ የበሩን መዝገብ ይዞ መጥቷል።

«መሣሪያው መጨረሻ የጮኸ ዕለት። መዝገቡን እየው፣ ጽፌዋለሁ።»

ገለጠው። በዘበኛው ጉልህ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ኅዳር 14፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። መሣሪያው ጮኋል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። በታዘዝኩት መሠረት መብረቅ ብዬ አሳልፌያለሁ።»

ከሥሩ «አይቼዋለሁ» ይልና የኢንጂነሩ ፊርማ ይከተላል።