እራት ላይ ስልክ አይነካም

«ስልክ ልጆቻችንን ከጉያችን ነጠቀን» አለ ፓስተሩ፣ አትሮንሱን በመዳፉ መታ አድርጎ። «እኔ ቤት ግን እራት ላይ ስልክ አይነካም። ልጄን ጠይቋት።» ምእመናኑ እንደ ወትሮው ሳቁለት። ሳቁ ሳይበርድ ከኋላው ረድፍ አንድ ስልክ በራ፣ ከዚያ ሌላ፤ ብርሃኑ ከወንበር ወንበር እየተዛመተ ወደ እሱ መጣ። «አሜን በሉ እንጂ» ቢል ሁሉም በየስልኩ ላይ አቀረቀረ።

አንድ ሽማግሌ መድረኩ ላይ ወጥተው ስልካቸውን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አኖሩለት። «ፓስተር፣ እስቲ ይህን ይዩት።» ልጁ ነበረች፣ በቀጥታ ስርጭት። እቤት፣ እሱ እራት በሚበላበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በፋሻ የተጠቀለሉ ጣቶቿን ከተሰባበረው ስልኳ አጠገብ ዘርግታ ነበር። «አባዬን በቴሌቪዥን እየሰማሁት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ሲጨርስ እኔ እጀምራለሁ።»

ፓስተሩ ሚስቱን በዓይኑ ፈለገ። እንደ ሁልጊዜው ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ከአዳራሹ ሁሉ ስልክ ያልያዘች እሷ ብቻ ነበረች፤ የራሷን ስልክ ጠዋት ለልጇ ትታላት ነበር የመጣችው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳነገተች ቀና ብላ አየችው።

«ጨርስ እንጂ» አለችው። «ልጅህ እየጠበቀችህ ነው።»