ከአጥሩ ጥግ የቀረችው ቡቃያ

ጎረቤቷ ኛቢየል የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ ነርሷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ብድግ አለች። ኛቢየል እናቷን ልትጠይቅ ድንበር ማዶ ስትሄድ ጓሮዋን አደራ የሰጠችው ለነርሷ ነበር፤ እሷም ዝናቡ እንደጣለ፣ ደጋ አገሯ እንደለመደችው፣ ከበቆሎው መሀል የበቀለውን ሁሉ ነቅላ ከምራዋለች። ኛቢየል ግን አላመሰገነችም። ጎንበስ ብላ ከክምሩ አንድ ቅጠል አነሳችና በጣቶቿ አሸችው፤ ዝልግልግ ውሃው ጣቶቿን አራሰ።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ ኩድራ ነው። ወጥ የምንሠራው። እናቴ የሰጠችኝን ዘር ሁሉንም እዚህ ዘርቼዋለሁ።»

የነርሷ ጆሮ ጋለ። ስንቱን ሕፃን ሳትንቀጠቀጥ የከተበችበትን እጇን የምታደርግበት ጠፋት። «አረም መስሎኝ…» አለች። የኛቢየል ዐይን አጥሩ ጥግ በቀረች አንዲት ቡቃያ ላይ አረፈ።

«ይችን አውቀሽ ነው የተውሽልኝ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። «አላየኋትም» አለች ነርሷ።

ኛቢየል ወደ ቡቃያዋ ሄዳ ግንዷን ዳበስ አደረገች። «ለዘር ትበቃለች» አለች። «ውሃ ግን አንቺ ነሽ የምታጠጫት።»

ነርሷ እፎይ ብላ ተንበረከከች። ቡቃያዋን የተጠጋውን ቅጠል ልትነቅልላት እጇን ስትዘረጋ ኛቢየል ክንዷን ለቀም አደረገቻት።

«ተይው ሲስተር፤ እሱም ይበላል።»