ሰባተኛው ጥያቄ እና ስምንት ጧፍ

«ፈርሚና ውጪ።»

የሒሳቡ መምህር አምሐ ቢሮው ውስጥ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው...

ወረቀቱ «በፈተና ሰዓት በጣት ምልክት ኮርጃለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል።

ከፈረምኩ ግማሽ ማርክ ይሰጠኛል። ካልፈረምኩ ዜሮ።

ዜሮ ማለት ሰባተኛ ክፍልን መድገም ነው። መድገም ደግሞ ለእኔ ትምህርት ማቆም ነው። አባቴ ቆርጦ ተናግሯል... «ከደገመች ዛሪማ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ሱቅ ትጠብቅ።»

አባቴ አጠገቤ ቆሟል። ማንበብ አይችልም። እንደ ወላጅ ለመፈረም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ተራውን ይጠብቃል።

«ፈርሚ ልጄ፤ ገበያው ሳይበተን እንድረስ» አለኝ።

እኔ ሰው ፊት ድምፄ የሚጠፋ ልጅ ነኝ። ስም ሲጠራ «አቤት» ስል እንኳ የሚሰማኝ አጠገቤ ያለችው ልጅ ብቻ ናት።

የዛን ቀን ግን...

«አልፈርምም።»

«ምን አልሽ?»

«አልኮረጅኩም ቲቸር።»

«በዓይኔ አይቼሻለሁ። ዴስኩ ላይ ጣትሽን ስትዘረጊ፣ ስታጥፊ... አሠራር የለ፣ ምን የለ፣ መልሱ ብቻ ከሰማይ ወረደልሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው...

ፈተናው ክፍልፋይ ማካፈል ነበር። ሰባተኛው ጥያቄ 6 ÷ 3/4 ይላል።

መምህር አምሐ ያስተማረን «ገልብጣችሁ አባዙ» ብሎ ነው። ክፍሉ በሙሉ እንደ መዝሙር ይለዋል። እኔ ግን የቱ እንደሚገለበጥ ሁሌ ይጠፋብኛል።

እናቴ ጧፍ ሠርታ ትሸጣለች። ክሩን የምቆርጥላት እኔ ነኝ።

ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ ነው። የኛ ጧፍ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል... ማለት ሦስት አራተኛ ክንድ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን በራሴ መንገድ አነበብኩት። ከስድስት ክንድ ክር ስንት ጧፍ ይወጣል?

አውራ ጣቴንና መሃል ጣቴን ዘርግቼ የዴስኩን ጠርዝ እየተመላለስኩ ለካሁ። አንድ ስንዝር ተኩል፣ አንድ ጧፍ። አንድ ስንዝር ተኩል፣ ሁለት ጧፍ... አሥራ ሁለት ስንዝር እስኪሞላ።

ስምንት።

ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም።

«እየለካሁ ነበር ቲቸር፤ ከስድስት ክንድ ክር ስንት ጧፍ እንደሚወጣ» አልኩት።

ሳቀ። «ሒሳብ ነው ወይስ ጋቢ እየሸመንሽ ነው?»

አፌ ግን አልቆመም...

«እሺ፣ የማንን ነው የኮረጅኩት? የኔን መልስ የጻፈ አንድ ልጅ ይጥሩልኝ። ካለ እፈርማለሁ።»

ቢሮው ጥግ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። ሶሊያና ትባላለች። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይ ማካፈል ገብቷቸው እንደሆነ ልትመዝን ከጎንደር የመጣች ናት። የታረሙት ወረቀቶች ፊቷ ተከምረዋል።

«ቆይ እስቲ» አለች። ሰባተኛውን ጥያቄ ብቻ እያየች ትገልጥ ጀመር...

አንድ ስምንተኛ። አንድ ስምንተኛ። ባዶ። አንድ ስምንተኛ...

ስልሳ አራት ወረቀት። ከእኔ በቀር ስምንት ያለ የለም።

ሶሊያና ቀና አለች። «መልሱ እኮ ስምንት ነው። መምህር አምሐ... አንድ ስምንተኛውን ራይት ያደረጉት በምን አርመው ነው?»

መሳቢያውን ከፈተና አንድ ወረቀት ሰጣት። እሷም ከላይ ያለውን ስም አነበበች።

ህሩይ። የክፍላችን አንደኛ።

«ይሄ የተማሪ ወረቀት ነው» አለች።

«ህሩይ አይሳሳትም እኮ» አለ መምህር አምሐ። «አራት ክፍል ነው የማስተምረው። የሱን ወረቀት አስቀድሜ አወጣና ሌላውን በሱ...»



ህሩይ ሁለተኛውን ቁጥር መገልበጥ ሲገባው የመጀመሪያውን ገልብጧል። ሌሎቹም እንደ እሱ። መምህሩም ሳያሰላ ራይት እያደረገ አለፈ።

አባቴ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ።

«ይኸ አንድ ስምንተኛ የምትሉት ምንድን ነው?»

«አንድ ጧፍ እኩል ስምንት ቦታ ቢቆረጥ አንዷ ቁራጭ ማለት ነው አያ» አለችው ሶሊያና።

አባቴ ወደ መምህሩ ዞረ።

«ምነው መምህር... ስድስት ክንድ ክር ይዘው አንድ ጧፍ እንኳ አይወጣዎትም?»



አባቴ ቀለም የነካውን ጣቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና «አትፈርሚም» አለኝ።

እዛ ቢሮ ውስጥ ከሰው ወረቀት የኮረጀ አንድ ሰው ነበር... እሱም እኔ አልነበርኩም።

ማርኬ ተስተካከለ። የሁሉም ወረቀት እንደገና ታረመ። መምህር አምሐ ክፍል ገብቶ «ተሳስቻለሁ» አለ፤ ከዛ ቀን በኋላም «ገልብጡ» ከማለቱ በፊት «ስንት ይወጣል?» እያለ ይጠይቀን ጀመር። እኔን ግን ለብቻዬ ጠርቶ ይቅርታ አልጠየቀኝም። አልጠበቅኩምም።

ህሩይ ለሁለት ወር አላናገረኝም።

ጎበዝ ተማሪ ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ስምንተኛን እንደምንም ነው የጨረስኩት። አሁን ጎንደር ፒያሳ አንድ ፎቶኮፒ ቤት እሠራለሁ። ዛሬም ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ለዛ ነው የምጽፈው።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው...

ዝምተኛ ስትሆኑ ያላጠፋችሁትን ሊያሸክማችሁ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ድምፃችሁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን «ማስረጃህን አሳየኝ» በሉት። ማሳየት ካልቻለ እስክሪብቶውን አትንኩ።

አስተማሪዎች ካላችሁ ደግሞ... ልጅ በራሱ መንገድ ሲያስብ ካያችሁ፣ ሌባ ከማለታችሁ በፊት «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ከዜሮው ያነሰ ቀለም ነው የሚፈጅባችሁ።

እናንተስ... ለመገላገል ብላችሁ ያላጠፋችሁትን «አጥፍቻለሁ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ እምቢ አላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።