የጠመመው ቦይ

በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ቀድሞ የሚገባው አየለች ጓዳ ነው። ከላይ ከገበያው ላስቲኩን፣ የፍየል በጠጡንና የጫት ገረባውን እየጠራረገ ይወርድና እሷ ምድጃ ሥር ያራግፈዋል። ምግብ ቤቷ የከባድ መኪና ሾፌሮች ድንበር እንደተሻገሩ አረፍ የሚሉባት ናት። ሾፌር ደግሞ እግሩን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ምሳ አይበላም።

ለምክር ቤቱ አቤት ስትል የከረመችው፣ ጎረቤቱን ያስተባበረችው እሷው ናት። ምክር ቤቱም ቆይቶ ቆይቶ እሺ አለ። መንገዱ ጠጠር ይለብሳል፣ ቦይ ይቆፈራል ተባለ። ኢንጂነር ጆሴፍ መጣና ቦዩ የሚያልፍበትን በችካል ምልክት አድርጎ ሄደ።

አየለች ችካሉን ስታይ ደሟ ፈላ። ቦዩ ከላይ ቀጥ ብሎ ይመጣና የሽማግሌው የሁቃ መጋዘን ጓሮ ሲደርስ እንደ እባብ ይጠመዘዛል። ተጠምዝዞም የእሷን በረንዳ ግማሹን ይዞ ይሄዳል።

ያን በረንዳ እንደ ልጅ ነው ያሳደገችው። ልጅ የላትም። ከባሏ ጋር እዚህ አገር በመጡ ሰሞን አርግዛ ሆስፒታል ገብታ፣ ራሷን ስታ ከርማ ባዶ እጇን ወጥታለች። ከኪራይ ቤት ወጥታ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ቀጥላ የራሴ የምትለው ይህችን ቤት ብቻ ነው።

የበለጠ ያናደዳት ግን ቦዩ የሸሸው መጋዘኑን አለመሆኑ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችውን፣ በእሾህ የታጠረች ባዶ ጥግ ነው። ሁቃ ቤት አልሠራባት፣ ከብት አላሰረባት፣ ለሰው አላከራያት።

«ለባዶ መሬት ሲባል የእኔ ቤት ይፍረስ?» አለች ለባሏ ለዮፍታሄ። «ኢንጂነሩ ኪቱ ኪዶጎ በልቷል። ሁቃ ጉቦ አጉርሶታል!»

«ተይው አየለች። በረንዳውን እኔ መልሼ እሠራዋለሁ።»

«ሁልጊዜ ተይው! ሰውየው ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትፈራው?»

ዮፍታሄ ድሮም የሁቃ ነገር ሲነሣ አንገቱን ይሰብራል። ጎርፍ የሁቃን የእሾህ አጥር ባፈረሰ ቁጥር፣ የራሱን ጓዳ ውሃ ሞልቶት ትቶ፣ ሄዶ የሚያጥረው እሱ ነው። ያውም በነጻ፣ እንደ ሎሌ።

አየለች አልተወችውም። ሰፈሩን አሳደመችበት። ሴቶቹ ከሁቃ መጋዘን ዱቄት መግዛት አቆሙ። ሾፌሮቹ ዕቃ ማራገፍ ተዉ። ሽማግሌው በመንገድ ሲያልፍ ሰላምታ የሚመልስለት ጠፋ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ የበሰበሰ ዓሣ ተደፍቶ ተገኘ፤ ጠርጎ ጣለው እንጂ ማንንም አልጠየቀም።

ባራዛው፣ የሕዝቡ ስብሰባ፣ ሲጠራ የትምህርት ቤቱ ግቢ ለሰዉ አልበቃም። የምክር ቤቱ አባል ሜርሲ ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ አየለች ብድግ አለች።

«ቦዩን ያጣመመው ማነው?»

«ምዊዚ! ሌባ!» አለ ሕዝቡ በኢንጂነሩ ላይ።

«የሰው ገንዘብ አልነካሁም» አለ ጆሴፍ፣ ላቡን እየጠረገ። «ሰው ለመነኝ። ልመናው ከልብ ስለሆነ እሺ አልኩ። ስሙን ግን እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል።»

ይህን ሲል ዓይኑ ሁቃና ዮፍታሄ ጎን ለጎን ወደተቀመጡበት አግዳሚ ሄደ። አየለችም ዓይኑን ተከትላ ሁቃን አገኘችው።

«ስሙንማ እኔ እነግርሃለሁ! አንተ ሽማግሌ፣ ተነሥ!»

በዚያ ከተማ ሁቃን «አንተ» ብሎት የሚያውቅ የለም።

ሁቃ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። እሷን አላያትም። ወደ ዮፍታሄ ዞሮ፣ «አንተ ተናገር» አለው ቀስ ብሎ።

ዮፍታሄ አፉን ከፈተ። ሚስቱን አየና መልሶ ዘጋው።

«ባሌን ጠበቃ ልታቆመው ነው?» ብላ ጮኸች አየለች። «ያችን መሬትህን አፈሯን ያስበላህ!»

«እኔ የምለው የለኝም» አለ ሁቃ። «ካላችሁ ቆፍሩት።» ምርኩዙን እየጎተተ ከግቢው ወጣ። ፉጨቱና ስድቡ እስከ በሩ ሸኘው።

«ቀጥ ይበል! ቀጥ ይበል!» አለ ሕዝቡ። ሜርሲም ቦዩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ስትል አጸደቀች። ጆሴፍ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ችካሎቹን ነቅሎ በቀጥታው መስመር ተከላቸው።

አየለች ያን ቀን ለገባው ሁሉ ሻይ በነጻ ቀዳች። ዮፍታሄ እህል አልቀመሰም።

በማግስቱ ጠዋት ኤክስካቫተሩ መጣ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አየለች ፊት ለፊት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ማሽኑ የእሾህ አጥሩን በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ጣለው። ክንዱን አነሣና ጥርሱን ወደ ባዶዋ ጥግ አወረደ።

ያኔ ዮፍታሄ ሰዉን ገፍትሮ ሮጠ። ሮጦም ጥጓ ላይ በደረቱ ተደፋ፣ እጆቹን ዘርግቶ አፈሩን አቀፈ። ኦፕሬተሩ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ።

«ተነሥ!» አለች አየለች፣ በኀፍረት እየተቃጠለች። «በሰው ፊት ታዋርደኛለህ? ሁቃ ምን ቢሰጥህ ነው ለሱ እንዲህ የምትሆነው?»

ዮፍታሄ ከተደፋበት ቀና ብሎ አያት።

«ቦታ» አላት፤ «ልጃችንን የቀበርኩበት።»