የድንቡሼ ጥፋት

«ኧረ በሕግ አምላክ! አሁንም ረገጥኩት!»

ባልየው ኮሪደሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል... የሌላኛው እግሩ ካልሲ ርሶ ይንጠባጠባል።

«ገና ሕፃን እኮ ነው፣ ይማራል» አለች ሚስቱ መወልወያ ይዛ እየሮጠች።

«ስሚኝ... ይሄ ወለል አንድ ጊዜ እንኳን ረጥቦ ካገኘሁት ቡችላው ወደመጣበት ይመለሳል። ጨረስኩ!»

ቡችላው ድንቡሼ የተጠራ መስሎት ጭራውን ቆላ... ምኑም ያልገባው ፍጥረት!

ሶፋው ላይ የተቀመጡት አዛውንት አባቷ ግን ቀና አላሉም።

ምክንያቱም... የዛሬው የድንቡሼ አልነበረም።

የእሳቸው ነው።

ቆይ፣ ለመፍረድ አትቸኩሉ...

እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን የሰው በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ናቸው። ማንንም አስቸግረው አያውቁም። ሚስታቸው ካረፈች በኋላ ነው ልጃቸው «ብቻህንማ አትኖርም» ብላ እዚህ ያመጣቻቸው።

ከዚያ እርጅና ጓዙን ይዞ መጣ... ሽንታቸው አልፎ አልፎ ያመልጣቸው ጀመር።

«ይሄን ካወቁ ሸክም እሆንባቸዋለሁ» ብለው ፈሩ። ቤት ባዶ ሲሆን አንሶላቸውን ራሳቸው አጥበው ያሰጣሉ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ታዲያ ልጃቸው ድንገት ቡችላ ታቅፋ ስትመጣ... እውነቱን እንናገር ካልን፣ ትንሽ እፎይ አሉ። ወለሉ ሲረጥብ የሚጠረጠር ሌላ ሰው... ማለቴ ሌላ ፍጥረት ተገኘ!

ከዚያ ቁጣ በኋላ ድንቡሼን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሟ እንዲህ ብላ መከረቻቸው...

«ቡችላ የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አይወድም። የሚተኛበት ሳጥን ሥሩለት። ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ሳይመጣበት ቀድማችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ሲሳካለት አሞግሱት። ሲያመልጠው ግን... በፍጹም አትቆጡት። ከተቆጣችሁት መደበቅ ነው የሚማረው።»

ይህን ሲሰሙ አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

የሳጥኑን ሥራማ ለማንም አልሰጡም። መጋዛቸውን አወጡ፣ ጣውላውን ላጉ... ሠርተው ሲጨርሱ ግን ድንቡሼ አንዱ ጥግ ሸንቶ፣ ሌላው ጥግ ሄዶ ለጥ ብሎ ተኛ!

«አባዬ፣ ምን ያህል ነው ያሰፋኸው?» ልጃቸው በሳቅ ሞተች። «ሐኪሟ እኮ ተነስቶ መዞር ከቻለ ይበቃዋል ብላለች። አንተ ሳሎንና መኝታ ቤት ሠራህለት!»

«እኔ ጠባብ ቤት ሠርቼ አላውቅም!» አሉ ተኮሳትረው።

እያጉረመረሙ መሀሉን በጣውላ ከፈሉት። ድንቡሼም የሚሸናበት ጥግ ሲያጣ መጠበቅ ጀመረ። ሲቸኩል የሳጥኑን በር ይቧጭራል... እሳቸው መቀርቀሪያውን ከፍተው ወደ ግቢ ይወጣሉ። «ጎበዝ! የኔ አንበሳ!» እያሉ ያሞግሱታል። ሲመለሱም «መቼም ተነስቻለሁ» ብለው ሽንት ቤት ጎራ ይላሉ።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ?

ወለሉ ደረቀ... አንሶላቸውም ደረቀ። ያ የልጃቸው ባል እንኳን በካልሲ መንጎራደድ ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት ግን ዶፍ ዝናብ ወረደ። መውጣት የለም። ድንቡሼ ሳጥኑ ውስጥ፣ እሳቸው ሶፋው ላይ... ሁለቱንም እንቅልፍ ጣላቸው።

አዛውንቱ ባንነው ተነሱ። ሽንት ቤት ለመድረስ ትንሽ ቀርቷቸው... ኮሪደሩ ላይ አመለጣቸው።

ወዲያው የውጭው በር ላይ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ።

ሳጥኑን አዩት... ተቀርቅሯል። ቡችላው ተቆልፎበት እያለ «እሱ ነው» ቢሉ ማን ያምናቸዋል?

መቀርቀሪያውን ከፈቱት።

ድንቡሼ «ወደ ግቢ ልንወጣ ነው» ብሎ እየዘለለ ወጣ። እጃቸውን ላሰ።

«አላልኩም? አላልኩም!» የልጃቸው ባል ከሚስቱ ጋር ገብቶ ኮሪደሩን ሲያይ ካርቶን አመጣ። ሚስቱ «እባክህ ተው» ብትለውም አልሰማትም። ቡችላውን አንስቶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። ድንቡሼ አንገቱን አስግጎ እሳቸውን ያያል... ያው ጭራውን እየቆላ!

አላስቻላቸውም።

«ተወው!»

ሁለቱም ዞሩ።

«እሱ አይደለም... እኔ ነኝ። ሱሪዬን እየው። ያለፈውም ጊዜ እኔው ነበርኩ። ሳጥኑን የከፈትኩት በሱ ላላክክ ነው።» እንባቸው ወረደ። «የሚመለስ ካለ እኔን መልሱኝ።»



ልጃቸው አጠገባቸው መጥታ እጃቸውን ያዘች።

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ተደብቀህ የምታሰጣውን አንሶላ ያላየሁ መስሎሃል? ሐኪም ጠየቅኩልህ። 'ሳይመጣባቸው በየጊዜው ሽንት ቤት ይሂዱ' አለኝ። ታዲያ አባቴን 'ተነስና ሽና' የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ገበናህ ነው ብዬ ለባሌም አልተነፈስኩም።»

«እና... ድንቡሼ የመጣው...»

«ላንተ ነው አባዬ። እሱን ልታወጣ ስትነሳ፣ አንተም እንድትነሳ።»

ባልየው ካርቶኑን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። መወልወያ አምጥቶ ኮሪደሩን ራሱ መወልወል ጀመረ።

«አባባ ይቅር ይበሉኝ» አለ ቀና ሳይል። «እርስዎ ከዚህ ቤት የትም አይሄዱም።»

አዛውንቱ ድንቡሼን ከካርቶኑ አውጥተው እቅፍ አደረጉት። «የኔ አንበሳ... በሐሰት መሰከርኩብህ» አሉት። እሱ እንደሆነ ቂም የሚባል ነገር አያውቅም፣ አገጫቸውን ላሰላቸው።

ወዳጆቼ... ለቡችላ «አትቆጡት፣ ይደበቃል» ብለን እንጠነቀቃለን። ያሳደጉን ወላጆቻችን ግን ቁጣችንን ፈርተው ስንቱን ነገር ደብቀውን ይሆን? ፍቅር ማለት ገበናን ማወቅ ብቻ አይደለም... ሳያሳፍሩ መሸፈንም ነው።

እስቲ ከልባችሁ ንገሩኝ... እናንተ በልጅቷ ቦታ ብትሆኑ በግልጽ ትነግሯቸው ነበር? ወይስ እንደሷ ቡችላ ታመጡ ነበር?